ከሞት በኋላ በሩ መቼ ይዘጋል? ሞርሞኖችና ነባሩ ክርስትና ስለ ፍርድ የሚለያዩበት

ጅማ ላይ ሰው ሲሞት ድንኳኑ ውስጥ የሚቀመጠው የአንድ እምነት ሰው ብቻ አይደለም። እድሩ ሙስሊሙን፣ ኦርቶዶክሱን፣ ጴንጤውን አንድ ላይ ያስቀምጣል። ከሂርማታ የመጣ ነጋዴ ከዩኒቨርሲቲ ከመጣ መምህር ጎን ይቀመጣል። ወሬው ከቡና ዋጋ ይጀምርና ዞሮ ዞሮ ሟቹ ላይ ያርፋል። ከዚያ አንዱ ወጣት ያነሳዋል፦ ቅድመ አያቶቻችን፣ ወንጌል የሚባል ነገር ሳይሰሙ የሞቱት፣ ፍርዳቸው ምንድን ነው?

ጥያቄው የቆየ ነው። የተለወጠው መልሱ የሚመጣበት መንገድ ነው። ድሮ ቄሱ ወይም ፓስተሩ ይመልሰው ነበር። አሁን ወጣቱ ስልኩን ያወጣና ይፈልጋል። ሲፈልግ ከሚያገኛቸው መልሶች አንዱ ደግሞ የሞርሞኖች ነው። ሥርዓት ያለው፣ የሚያጽናና፣ በቤተሰብ ፍቅር የተሞላ መልስ ነው። ብዙ ወጣት ሲሰማው ደስ ይለዋል። ለምን ደስ እንደሚለውም ይገባኛል።

ይህን ተከትሎ ሁለት አባባሎች ሲደጋገሙ እሰማለሁ። አንደኛው "ሞርሞኖች ሲኦል የለም ይላሉ" የሚል ነው። ሌላው "እነሱም በኢየሱስ ያምናሉ፣ ልዩነት የለንም" ይላል። ሁለቱም ልክ አይደሉም። ሁለቱም ሰው በጉዳዩ ላይ ረጋ ብሎ እንዳያስብ ያደርጋሉ። እኔ ያደግሁት በኦርቶዶክስ ቤት ነው፣ እምነቴም እዚያው ነው። ነገር ግን የሌላውን ትምህርት እሱ ራሱ እንደሚናገረው አድርጎ ማቅረብ ግዴታ ነው ብዬ አምናለሁ።

በመጀመሪያ ማንነታቸውን ባጭሩ። ራሳቸውን የሚጠሩት የኋለኛው ቀን ቅዱሳን የኢየሱስ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ብለው ነው። ሞርሞን የሚለው ስም ከመጽሐፍ ቅዱስ ጎን እንደ ቅዱስ መጽሐፍ ከሚቀበሉት ከመጽሐፈ ሞርሞን የመጣ ነው፤ ከ2018 ጀምሮ መሪያቸው ሙሉ ስማቸው እንዲጠራ አጥብቀው ጠይቀዋል። እዚህ ሞርሞን የምለው አንባቢ በሚያውቀው ስም ለመናገር ብቻ ነው። ቤተ ክርስቲያኒቱን ጆሴፍ ስሚዝ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1830 ኒውዮርክ ግዛት ውስጥ መሠረተ። (የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ናቸው።) እሱ በ1844 በሕዝብ ዓመፅ ተገደለ። ተከታዮቹ በ1847 ወደ ዩታ ተሰደዱ። ዛሬ ከ17 ሚሊዮን በላይ አባላት እንዳሏቸው ይናገራሉ። ከእኛ አገር ጋር አንድ የሚረሳ ግንኙነት አላቸው። በ77ቱ ድርቅ ጊዜ፣ በጥር 1985፣ አባሎቻቸው ለኢትዮጵያ ልዩ ጾም ጾመው የምግባቸውን ዋጋ ሰጡ። ከ6 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሰበሰበ። ይህ መልካም ሥራ ነው፣ ሊነገርም ይገባል። ሃይማኖታቸውን የምንመዝንበት ጉዳይ ግን ሌላ ነው።

የሚያመሳስለን ነገር ጥቂት አይደለም። እነሱም ክርስቶስ ዳግም ይመጣል ይላሉ። ሙታን ሁሉ ይነሣሉ፣ ሰው ሁሉ በፈራጁ ፊት ይቆማል፣ ፈራጁም ክርስቶስ ነው ይላሉ። ሥራ ብቻ ሳይሆን የልብ ሐሳብም ይመዘናል ይላሉ። ይህን የጅማ ሙስሊም ጎረቤታችንም ቢሰማው ብዙው አይገርመውም፤ እሱም የቂያማን ቀንና ሚዛኑን ያውቃል።

ልዩነቱን ለማየት የራሳችንን ማወቅ ይቀድማል። በጸሎተ ሃይማኖት "በሕያዋንና በሙታን ይፈርድ ዘንድ" ይመጣል እንላለን። ይህ ቃል ከአራተኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ነባሩን ክርስትና ሁሉ ያገናኘ ነው። ኦርቶዶክሱም፣ ካቶሊኩም፣ አብዛኛው ፕሮቴስታንትም ይቀበለዋል። የፍርዱ ሥዕል ደግሞ ማቴዎስ 25 ላይ ነው። በጎች በቀኝ፣ ፍየሎች በግራ። "ተርቤ አብልታችሁኛልና፣ ተጠምቼ አጠጥታችሁኛልና።" በዐቢይ ጾም እኩሌታ፣ በደብረ ዘይት እሑድ፣ ስለ ዳግም ምጽአት ይነበባል፣ ይሰበካል። በሚቀጥለው እሑድ ገብር ኄር ነው። እዚያም ጌታው ከሩቅ አገር ተመልሶ አገልጋዮቹን ስለ መክሊቱ ይጠይቃል። ቤተ ክርስቲያን ሁለቱን እሑዶች አከታትላ ማስቀመጧ ሁልጊዜ ያስደንቀኛል። ፍርዱን ትነግርህና ወዲያው በእጅህ ስላለው ነገር ትጠይቅሃለች።

በኦርቶዶክስ ትምህርት ሰው ሲሞት ነፍሱ ወደ ገነት ወይም ወደ ሲኦል ትሄዳለች። ያ ግን የመጨረሻው አይደለም። ሥጋ ከነፍስ ጋር ተዋሕዶ ሲነሣ፣ ጻድቃን መንግሥተ ሰማያትን ይወርሳሉ፣ ኃጥአን ወደ ገሃነመ እሳት ይወርዳሉ። በመካከሉ ላለው ጊዜ ቤተ ክርስቲያን ዝም አትልም። ጸሎተ ፍትሐት ይደረጋል፣ በአርባኛው ቀን ተዝካር ይወጣል፣ ሙት ዓመቱ ይታሰባል። የመንግሥተ ሰማያት ክብርም ለሁሉም እኩል አይደለም። ሠላሳ፣ ስድሳ፣ መቶ ስላፈራው ዘር ሲተረጎም መምህራኑ ወጣኒ (ጀማሪ)፣ ማዕከላዊ፣ ፍጹም እያሉ ማዕረጉን ያስረዳሉ። ይህን ልብ በሉት፣ በኋላ ያስፈልገናል።

ፕሮቴስታንቶች እዚህ ላይ ይለያሉ። በመካነ ኢየሱስም፣ በቃለ ሕይወትም፣ በሙሉ ወንጌልም የሚሰበከው ሰው በእምነት እንደሚጸድቅ ነው። በክርስቶስ ያመነ ኩነኔ የለበትም፣ ሲሞትም ነፍሱ ወደ ጌታ ትሄዳለች። ለሞተ ሰው መጸለይ የለም። የሚጠቀሰው ዕብራውያን 9፥27 ነው፤ ሰው አንድ ጊዜ ይሞታል፣ ከዚያ በኋላ ፍርድ ነው። ያመኑት በክርስቶስ ፍርድ ወንበር ፊት ስለ ሥራቸው ዋጋ ይቀበላሉ፣ መዳናቸው ግን በሥራ አይለካም ይላሉ። ካቶሊኮች በበኩላቸው በሞት ጊዜ የሚሰጥ የግል ፍርድና በመጨረሻው ቀን የሚሰጥ የጋራ ፍርድ አለ ይላሉ። በጸጋ የሞተች ግን ገና ያልጠራች ነፍስ ደግሞ በመካከሉ ትነጻለች።

ሦስቱ በብዙ ነገር ይከራከራሉ። በአንድ ነገር ግን አንድ ናቸው። የፍርዱ መጨረሻ ሁለት ነው፣ ሰውም ወደ የትኛው እንደሚሄድ የሚወሰነው በዚህ ሕይወት ነው። ፍትሐት የሚደረግለት በእምነት ያረፈ ሰው ነው። የካቶሊኩ ማንጻትም ለዳነ ሰው ነው። ክርስቶስን አውቆ የካደ ሰው ከሞተ በኋላ በአዲስ ስብከት አምኖ ይድናል የሚል ትምህርት ከሦስቱም የለም።

አሁን ወደ ሞርሞኖች እንምጣ። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። በ1830 የታተመው መጽሐፈ ሞርሞን ስለ ፍርድ የሚናገረው ከኛው ብዙም አይርቅም። ጽድቅና ኃጢአት፣ ደስታና ሥቃይ፣ ሁለት መንገድ። እንዲያውም አልማ በሚባለው ክፍል ምዕራፍ 34 ላይ ንስሐን ለነገ አታሳድሩ፣ እግዚአብሔርን ለመገናኘት የመዘጋጃው ጊዜ ይህ ሕይወት ነው ይላል። ይህን የትኛውም የጅማ ሰባኪ አውደ ምሕረት ላይ ሊለው ይችላል።

ለውጡ የመጣው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። በየካቲት 1832 ጆሴፍ ስሚዝና ረዳቱ ሲድኒ ሪግደን ሃይረም በምትባል የኦሃዮ መንደር ሆነው መጽሐፍ ቅዱስን ያርሙ ነበር። ዮሐንስ 5፥29 ላይ ደረሱ። መልካም ያደረጉ ለሕይወት ትንሣኤ፣ ክፉ ያደረጉ ለፍርድ ትንሣኤ ይወጣሉ የሚለው ጥቅስ ነው። እዚያ ላይ ራእይ አየን አሉ። ራእዩ ዛሬ ትምህርትና ቃል ኪዳኖች በተባለው መጽሐፋቸው ክፍል 76 ሆኖ ይገኛል። በዚያ ራእይ ከፍርድ በኋላ ሦስት የክብር መንግሥታት አሉ። ሰለስቲያል የሚሉት እንደ ፀሐይ፣ ተረስትሪያል እንደ ጨረቃ፣ ቴለስቲያል እንደ ከዋክብት ነው።

ማን የት ይገባል? ወደ መጀመሪያው በክርስቶስ ያመኑ፣ የተጠመቁና ቃል ኪዳናቸውን የጠበቁ ይገባሉ። በአብ ፊት ይኖራሉ። ወደ ሁለተኛው በምድር ጨዋ ሆነው የኖሩ ነገር ግን በሰዎች ተንኮል የታወሩ፣ ወይም አምነው ያልጸኑ ይገባሉ። ወልድን ያያሉ፣ የአብን ሙላት ግን አያገኙም። ወደ ሦስተኛው ሐሰተኞች፣ አስማተኞች፣ አመንዝሮች ይገባሉ። እነሱም የሚገቡት አስቀድመው በሥቃይ ከቆዩ በኋላ ነው፤ ከክርስቶስ የሺህ ዓመት መንግሥት በኋላ መጨረሻ ላይ ይነሣሉ። ያም ሆኖ የሚያገኙት ክብር ከሰው ማስተዋል በላይ ነው ይላል ክፍል 76። ከክብር ሁሉ ውጭ የሚቀሩት የጥፋት ልጆች የሚባሉት ናቸው። መንፈስ ቅዱስን በእርግጥ አውቀው የካዱ ማለት ነው። እነዚህ ወደ ውጭ ጨለማ ይጣላሉ፣ ቁጥራቸውም ጥቂት እንደሆነ ይታመናል።

ስለዚህ "ሲኦል የለም ይላሉ" የሚለው አይሄድም። ሲኦል አለ ይላሉ፣ ለአብዛኛው ሰው ግን መጨረሻ አለው ይላሉ። በ1829 ተሰጠ በሚሉት ክፍል 19 ላይ፣ ዘለዓለማዊ ቅጣት የተባለው የዘለዓለማዊው የእግዚአብሔር ቅጣት ስለሆነ እንጂ ማብቂያ ስለሌለው አይደለም ተብሎ ተጽፏል። ነባሩ ክርስትና ይህን አይቀበልም። ማቴዎስ 25፥46 የዘለዓለም ቅጣትንና የዘለዓለም ሕይወትን በአንድ ዓረፍተ ነገር አጣምሮ ያስቀምጣል። አንዱን አሳጥሮ ሌላውን ማስረዘም አይቻልም።

ይህ ራእይ ያኔ ለሞርሞኖቹ ለራሳቸውም ከብዷቸው ነበር። በኋላ ሁለተኛው መሪያቸው የሆነው ብሪገም ያንግ፣ ካደገበት ትምህርት ጋር ስለተጋጨበት ወዲያው ሊቀበለው እንዳልቻለ ራሱ ተናግሯል።

ስለ ሦስቱ መንግሥታት የሚጠቅሱት 1ኛ ቆሮንቶስ 15፥41ን ነው። "የፀሐይ ክብር አንድ ነው፣ የጨረቃም ክብር ሌላ ነው፣ የከዋክብትም ክብር ሌላ ነው።" ምዕራፉን ከላይ ጀምሮ ያነበበ ሰው ግን ጳውሎስ የሚመልሰው ጥያቄ "ሙታን እንዴት ይነሣሉ? በምን ዓይነት አካል ይመጣሉ?" የሚለውን እንደሆነ ያያል። የሚናገረው ስለሚነሣው አካል ክብር ነው። የማዕረግ ልዩነት አለ ቢባል ነባሩ ክርስትናም አይክድም። ወጣኒ፣ ማዕከላዊ፣ ፍጹም ያልነው ይኸው ነው። ግን ያ ልዩነት በአንድ መንግሥት ውስጥ ነው፤ ሁሉም ማዕረግ እግዚአብሔርን በማየት ያበቃል። በሞርሞኖች ትምህርት ግን ቁጥሩ እጅግ የበዛ ሰው በክብር ይኖራል፣ ከአብ ፊት ግን ለዘለዓለም ይርቃል። ለእኔ ከባዱ ይህ ነው። ከእግዚአብሔር ርቆ ክብር የሚባል ነገር ምን ሊሆን ይችላል? አባቶቻችን ገሃነም የሚሉት ዋናው ሥቃይ ያንኑ መራቅ አይደለም?

ይህን ካልኩ በኋላ ትምህርቱ ከየት እንደበቀለ መናገር አለብኝ። የበቀለው ከሀዘን ነው። ጆሴፍ ስሚዝ አልቪን የሚባል ታላቅ ወንድም ነበረው። በ1823 ሳይጠመቅ ሞተ። በቀብሩ ላይ የነበረው ሰባኪ ልጁ ሲኦል እንደገባ የሚያስመስል ነገር መናገሩን ቤተሰቡ በምሬት ያስታውስ ነበር። እናትና አባት ቆመው፣ የልጃቸው አፈር ሳይደርቅ! ከዓመታት በኋላ፣ በጥር 1836፣ ጆሴፍ ስሚዝ ወንድሙን በሰለስቲያል መንግሥት አየሁት አለ። ያልተጠመቀ እንዴት እዚያ ገባ? ቢሰሙ ኖሮ በሙሉ ልባቸው ይቀበሉ የነበሩ ሁሉ ይገባሉ የሚል መልስ ተሰጠ። በ1840 ደግሞ ሕያዋን ስለ ሙታን እንዲጠመቁ ማስተማር ጀመረ። በ1918 ስድስተኛው መሪያቸው ጆሴፍ ኤፍ ስሚዝ፣ በመናፍስት ዓለም የጻድቃን ነፍሳት ለታሰሩት ወንጌል ሲሰብኩ አየሁ አለ።

ትምህርቱ ሙሉ የሚሆነው እንግዲህ እዚህ ጋ ነው። ሰው ሳይሰማ ቢሞት እዚያ ይሰበክለታል። በምድር ያለ ዘመዱ ቤተ መቅደስ ገብቶ በስሙ ይጠመቅለታል። ሟቹ መቀበልም አለመቀበልም ይችላል። የትውልድ ሐረግ መፈለግ ላይ ይህን ያህል የሚደክሙት ለዚህ ነው። ይህ ልማድ ከሌሎች ጋርም አጋጭቷቸዋል። በናዚዎች በተጨፈጨፉ አይሁዶች ስም መጠመቃቸው ታውቆ፣ በ1995 ያንን ለማቆም ከአይሁድ ድርጅቶች ጋር ተስማምተዋል።

"እኛስ ተዝካር እናወጣ የለ?" የሚል ጥያቄ ሲነሣ ሰምቻለሁ። ተገቢ ጥያቄ ነው። በሁለቱም ውስጥ ለሞተው የሚቆረቆር ፍቅር አለ። ነገር ግን በፍትሐት ቤተ ክርስቲያን ምሕረትን ትለምናለች። ሟቹ ያልፈጸመውን ጥምቀት በእሱ ቦታ አትፈጽምም። ሞርሞኖች የሚጠቅሱትን፣ ስለ ሙታን ስለሚጠመቁ ሰዎች የሚያነሣውን 1ኛ ቆሮንቶስ 15፥29ን ዮሐንስ አፈወርቅም ያውቀው ነበር። በሁለተኛው ክፍለ ዘመን የተነሣው መናፍቅ የመርቅዮን ተከታዮች ከሞተው ሰው አልጋ ሥር ሕያው ሰው ደብቀው፣ በእሱ አፍ እያስመለሱ እንደሚያጠምቁ ጽፎ አጥብቆ ተቃውሟል።

ከበድ ያለው ክርክር 1ኛ ጴጥሮስ 3፥19 ላይ ነው። ክርስቶስ "በወኅኒ ለነበሩ መናፍስት ሰበከላቸው" ይላል። ይህ ለኢትዮጵያ ክርስቲያን እንግዳ አይደለም። በቀዳም ስዑር የምናስበው ይህንኑ ነው። ጌታ በነፍሱ ወደ ሲኦል ወርዶ አዳምንና ልጆቹን ነጻ አወጣ። መጽሐፈ ሄኖክ በምዕራፍ 22 የሙታን ነፍሳት እስከ ፍርድ ቀን ተለይተው የሚቆዩባቸውን ስፍራዎች ይገልጻል፤ ይህን መጽሐፍ በቅዱሳት መጻሕፍት ቁጥር ውስጥ ይዘን የቆየነው እኛ ነን። ስለዚህ የመናፍስት ማቆያ የሚባለው ነገር ራሱ አይደለም የሚያጣላን። የሚያጣላን ያ መውረድ ምን ነበር የሚለው ነው። ለእኛ ክርስቶስ በመስቀሉ አንድ ጊዜ የፈጸመው ድል ነው። ለእነሱ እስከ ዛሬ የሚቀጥል፣ ሰባኪ የሚመደብበት አገልግሎት ነው። የሀብታሙና የአልዓዛር ታሪክ ላይ ያለው ታላቅ ገደል ለእኛ አሁንም አለ። እነሱ ክርስቶስ ድልድይ ሠራበት ይላሉ።

ሥር ድረስ ከሄድን ክርክሩ ስለ እግዚአብሔርና ስለ ሰው ነው። በሞርሞኖች ትምህርት አብ የሥጋና የአጥንት አካል አለው። ሰዎች ከመወለዳቸው በፊት የእሱ የመንፈስ ልጆች ሆነው ይኖሩ ነበር፣ ወደ ምድር የመጡትም ለመፈተን ነው። የመጨረሻው ሽልማት ከፍ ከፍ ማለት ነው፤ እንደ አብ መሆን፣ በቤተ መቅደስ በቃል ኪዳን ከተሳሰሩት የትዳር ጓደኛ ጋር ለዘለዓለም መኖር። ፍርዱ እንግዲህ ልጅ በጉዞው የት እንደደረሰ አይቶ መመደብ ይሆናል። ነባሩ ክርስትና በፈጣሪና በፍጡር መካከል የማይጠፋ ልዩነት ያስቀምጣል። አትናቴዎስ ሰው አምላክ ይሆን ዘንድ አምላክ ሰው ሆነ ማለቱ እውነት ነው፤ ያ ግን በጸጋ ነው፣ በባሕርይ አይደለም። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በ2001 የሞርሞኖችን ጥምቀት እንደማትቀበል ያስታወቀችውም ቃሉ ተመሳሳይ ቢሆን በአብ፣ በወልድና በመንፈስ ቅዱስ ላይ ያላቸው እምነት ሌላ ነው ብላ ነው።

አፍሪካዊ አንባቢ ሊያውቀው የሚገባ አንድ ነገር ደግሞ አለ። እስከ ሰኔ 1978 ድረስ ጥቁር ወንዶች በዚያች ቤተ ክርስቲያን ክህነት አይሰጣቸውም ነበር። ጥቁር ወንዶችም ሴቶችም የሰለስቲያል መንግሥትን ከፍተኛ ማዕረግ የሚያስገኘውን የቤተ መቅደስ ሥርዓት ለራሳቸው አይፈጽሙም ነበር። እገዳው ተነሥቷል። ቤተ ክርስቲያኒቱም ያኔ ይሰጡ የነበሩትን ምክንያቶች ዛሬ አትቀበልም። ግን ፍርድን ከሥርዓት ጋር ያን ያህል ያስተሳሰረ ትምህርት፣ ሥርዓቱ ለአንድ ዘር ሲከለከል ምን ማለት እንደነበረ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ስለ ሕፃናት ብዙ አልልም። እነሱ ከ8 ዓመት በታች የሞተ ልጅ ያለ ጥምቀት ይድናል ይላሉ፤ ለአዳም በደል ማንም አይቀጣም ብለው ያምናሉና። እኛ ወንዱን በ40፣ ሴቷን በ80 ቀን እናጠምቃለን።

ወደ ድንኳኑ ጥያቄ ስመለስ፣ የሰሙትንና ያልሰሙትን መለየት ያስፈልጋል። ስላልሰሙት፣ ነባሩ ክርስትና ባዶ እጁን አይደለም። ሮሜ 2 ሕግ ያልተሰጣቸው ሰዎች በልባቸው በተጻፈው ሕግ፣ በኅሊናቸው እንደሚመዘኑ ይናገራል። ሉቃስ 12 ሳያውቅ ያጠፋ በጥቂት እንደሚገረፍ ይናገራል። ካቶሊኮች በ1964 በሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ፣ ያለ ጥፋታቸው ወንጌልን ያላወቁና በቅን ልብ እግዚአብሔርን የፈለጉ ሊድኑ እንደሚችሉ ጽፈዋል። ከፕሮቴስታንቶቹ ብዙዎቹ ያለ ክርስቶስ መዳን የለም ብለው ይጸናሉ፤ ሌሎቹ ጉዳዩን ለፈራጁ ይተዋሉ። እኔም የምለው ይህንን ነው፤ በማናውቀው ሰው ላይ የሚፈርደው ጻድቅ ነው። በሬሳ ፊት ቆሞ "ሲኦል ገብቷል" የሚል ሰባኪ ግን ያልተሰጠውን ወንበር ይዟል። የአልቪን ቤተሰብ የቆሰለው በዚህ ነው። እዚህ ጅማም በዚህ የቆሰለ ቤተሰብ አለ።

የሰሙትን በተመለከተ፣ ሞርሞኖቹ ራሳቸው የሚሉትን ማንበብ በቂ ነው። ስልኩን እያየ "ከሞትኩ በኋላም ዕድል አለኝ" ብሎ የሚዝናና ወጣት ክፍል 76ን እስከ መጨረሻው አላነበበም። ወንጌልን በሥጋ ሳሉ አልቀበልም ብለው በኋላ የተቀበሉ ወደ ሁለተኛው መንግሥት ይሄዳሉ ይላል። የአልቪን ተስፋ የተሰጠው ሳይሰማ ለሞተ ሰው ነው። ጅማ ውስጥ ደግሞ በየሳምንቱ የሚሰበክ አለ፣ ደወሉም ይሰማል፣ መጽሐፉም በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ በእጃችን ነው።